ድንጋይ ተሸክሞ በር ላይ የቆመው መስፍን

ቅናት በሽታ ነው ይላሉ። በሽታ ቢሆንማ ክሊኒክ ሄጄ ክኒን ውጬ እገላገለው ነበር። የኔ ቅናት ጠዋት አብሮኝ ይነሳል፣ አብሮኝ ቁርስ ይበላል፣ አብሮኝ ታክሲ ይሳፈራል፤ እንዲያውም ከኔ ቀድሞ የመስኮቱን ወንበር ይይዛል። የምቀናው በሰው ባል ወይ በሰው መኪና እንዳይመስላችሁ። በገዛ ወንድሜ ነበር። ያኔ ታዲያ «ወንድሜ» የሚለው ቃል ራሱ ከአፌ አይወጣም፤ «የአባቴ ልጅ» ነበር የምለው።

ይህን የማወጋችሁ ነገር የሆነው በአንድ ቅዳሜ ነው። ከረፋድ እስከ ከሰዓት ብቻ። እኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እንደ ድሮዬ ሆኜ አላውቅም።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ እየሩስ ነው። ጆሃንስበርግ ነው ያደግኩት፤ አባቴን ተከትለን ከእናቴ ጋር ስንመጣ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። አባቴ፣ አቶ ወልዴ፣ ጀፕ ውስጥ፣ አበሻ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ሞልቶ በሚነግድበት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የብርድ ልብስ ማከፋፈያ አለው። የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተጋድሜ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ አደግኩ። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጠናሁ። አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የእንግሊዝ ታሪክ አስተምራለሁ። አዎ፣ የእንግሊዝ ታሪክ። የሸዋ ገበሬ ልጅ ልጅ አፍሪካ ጫፍ ላይ ቆማ ለዙሉና ለህንድ ልጆች የእንግሊዝን ነገሥታት ጠብ ታስረዳለች። ምን ይደረግ፣ እንጀራ ነው።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴና እኔ ፎርድስበርግ ውስጥ አንድ ኮምፕሌክስ ነው የምንኖረው፤ ዙሪያውን በግንብና በኤሌክትሪክ ሽቦ የታጠረ፣ በሩ ላይ ጥበቃ የቆመበት ግቢ ነው። መድኃኒቱን የማስታውሰው እኔ፣ ሸሚዙን የምተኩሰው እኔ፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ለማሳደስ ሲሄድ አብሬው የምሰለፈው እኔ። «እየሩ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ብሎ ግን ለሰው ሲናገር አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ጌትነትን አባቴ የወለደው እናቴን ከማግባቱ በፊት ከሌላ ሴት ነው። ከእናቱ ጋር ደብረ ብርሃን አካባቢ አደገ። መኖሩንማ አውቅ ነበር፤ ሩቅ ያለ ሰው ግን አያስቀናም። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ እራት ላይ «ልጄን ላምጣው» አለ። «ልጄን» ሲል ዘወር ብዬ አየሁት። እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ፣ ሳህን እያጠብኩ።

መጣ። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ሳቂታ። ብዙም ሳይቆይ «ሳዉቦና ጎጎ»፣ ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ እያለ ከሎኬሽን፣ ከከተማው ዳር ካለው የጥቁሮች ሰፈር፣ የሚመጡትን አሮጊት ደንበኞች ያስቃቸው ጀመር። አባቴ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ያየዋል። አስተያየቱን ብታዩት። እኔ ስመረቅ እንደዚያ አላየኝም። እኔ ስመረቅ «በርቺ» አለኝና የመኪና ማቆሚያውን ካርድ የት እንዳደረገው ኪሱን ይፈትሽ ጀመር።

ከዚያ ጌትነት አመፀ።

አንድ ጠዋት ደረጃውን ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሰው ተሰብስቧል። አዲስ የብርድ ልብስ ሱቅ ተከፍቷል። ከበሩ በላይ በትልቁ፣ በቀይ፣ «ወልዴ ኤንድ ሳን» ይላል፤ ወልዴና ወንድ ልጁ። ጌትነት በሩ ላይ ቆሞ ለደንበኛ ሻይ ያድላል። አባቴን ሳያማክር፣ የአባቴን ስም ለጥፎ፣ ከአባቴ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ያንኑ ዕቃ ሊሸጥ ነው። ሎኬሽን ለሎኬሽን እየዞሩ ለአባቴ ይሸጡ ከነበሩት ልጆች ግማሾቹ ተከትለውት ሄደዋል።

ደሜ ፈላ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ያናደደኝ ለአባቴ መከዳቱ አይደለም። የኛ ሱቅ ማስታወቂያ «ወልዴ ብላንኬትስ» ብቻ ነው የሚለው። ስሜን እዚያ ላይ ልጻፍ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ አባቴም አላሰበው። ይሄ ግን ትናንት መጥቶ ራሱን ሰቀለ።

አባቴ ማስታወቂያውን ቀና ብሎ አየ፣ በረጅሙ ተነፈሰና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሲወጣም ሲወርድም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይቆማል። «ትንፋሼን ልሰብስብ» ይላል። የብርድ ልብስ እስር ተሸክሞ ያንን ሕንፃ ከታች እስከ ላይ የሚወጣ ሰው ነው፤ የሚሰበሰብ ትንፋሽ አልነበረውም። ቆሞ ልጁን ነበር የሚያየው።

አመፁ አንድ ክረምት አልዘለቀም። አሮጊቶቹ የጌትነትን ሻይ ጠጥተው፣ መርቀውት፣ ደረጃውን ወደ አባቴ ይቀጥላሉ። ብርዱም ዘግይቶ መጣ። የተከተሉት ልጆች አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ሱቁ ተዘጋ፤ ጌትነትም አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሎኬሽን ወርዶ ጓደኛው ጋ፣ በቤቶች መሀል ባለች አንዲት ስፓዛ ሱቅ ውስጥ፣ ዳቦና የሞባይል ካርድ ይሸጥ ጀመር። ደስ አለኝ። ምን ትሉኝ እንደሆነ አላውቅም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የማስተምረው ስለ ሞንመዝ መስፍን ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ከንግሥቲቱ ልጅ አላገኘም፤ ከሌሎች ሴቶች ግን ወልዷል። የመጀመሪያው ይህ መስፍን ነው፤ መልከ መልካም፣ ጎበዝ ወታደር፣ ሕዝብ የሚወደው። ንጉሡ ሲሞት ዙፋኑ ለወንድሙ ለጄምስ ሆነ። መስፍኑ «የአባቴ ዙፋን የሚገባው ለኔ ነው» ብሎ መቶ የማይሞላ ሰው ይዞ ከሆላንድ በባሕር መጣ። ገበሬውና ሸማኔው ማጭዱን እየያዘ ተከተለው። ልጃገረዶች ሰንደቅ ጠልፈው ሰጡት፣ ገበያ መሀል ንጉሥ ነው ተብሎ ታወጀ። ከዚያ የአጎቱን ጦር በጨለማ ሊያጠቃ ሲሄድ መሻገሪያው ጠፋበት፣ ተኩስ ተሰማ፣ ሠራዊቱ ተበተነ። መስፍኑን የእረኛ ልብስ ለብሶ ቦይ ውስጥ ተደብቆ አገኙት። ኪሱ ውስጥ አተር ነበር።

ይህን ሳስተምር የማየው ማንን እንደነበር መቼም አይጠፋችሁም። የእረኛ ልብሱ፣ አተሩ፣ አይቮሪ ፓርክ ያለው የዳቦ መደርደሪያ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣብኛል።

አላስቻለኝም፤ አንድ ቀን እራት ላይ ታሪኩን ለአባቴ አወራሁለት። ነገሬ እንዲገባው ነበር የፈለግኩት። መጨረሻው ላይ ደረስኩ። «እጁን የፊጥኝ አስረው አጎቱ ፊት አቀረቡት። ወድቆ ለመነው። በዚያ ዘመን ንጉሥ ፊቱን አሳየህ ማለት ማረህ ማለት ነው ይሉ ነበር፤ ሊምርህ ካልፈለገ አያስጠራህም። ይሄ ንጉሥ ግን አስጠራው፣ ልመናውን ሰማ፣ ከዚያ አንገቱን አስቆረጠው።»

አባቴ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። «አይኑን እያየ?»

«አዎ።»

«አጎቱ?»

«አጎቱ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግለት አስጠራው?» አለ።  እጁን ታጥቦ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። አባቴ የጌትነትን ፊት ካየ አለቀ። እንግዲህ እንዳያየው ማድረግ ነው አልኩ።

አሁን ወደ ቅዳሜው እንምጣ። አባቴ ሱቁ ከተዘጋበት—ማለቴ የልጁ ሱቅ ከተዘጋበት—ጊዜ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀፕ መሄድ ትቷል። ያቺ ሁለተኛ ፎቅ ባዶ ሆና ማየት ከብዶታል፤ እሱ ግን «ጉልበቴን» ይላል። ሳሎን ተቀምጦ በኋላ በር በኩል ባለው መስኮት ባቡር ያያል። እኔ ወጥ እሠራለሁ። ኢንተርኮሙ ጮኸ። ጥበቃው ሲፎ ነው፤ ሴቱን ሁሉ «ሲሲ»፣ እህቴ፣ ነው የሚለው።

«ሲሲ፣ በር ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ከረባት አስሯል። አንዱ ድንጋይ ይዟል።»

«ምን ድንጋይ?»

«ድንጋይ ነዋ። ትልቅ ድንጋይ። አንገቱ ላይ አድርጎታል። ሲሲ፣ እዚህ አገር ሰው ድንጋይ ይዞ በር ላይ ከመጣ ምን ፈልገህ ነው ብለን አንጠይቅም። አንቺን ስለጠሩ ነው የደወልኩት።»

ወዲያው ነው የገባኝ።  አባቴ የተወለደበት አገር ትልቅ በደል የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ የተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል። ድንጋዩን ከበዳዩ አንገት ላይ የሚያወርደው ተበዳዩ ነው። ካወረደለት ታረቁ። ፊት ለፊቱ ቆሞ አለማውረድ ደግሞ ከሰው ተራ መውጣት ነው።

«ማን ነው?» አለ አባቴ ከሳሎን።

«ውኃ ቆጣሪ የሚያነቡት ናቸው» ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። ጌትነት ሰርጉ ይመስል ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። አንገቱ ላይ የተሸከመው የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ነው፤ ከግቢው ጀርባ ባለው ጎዳና የእግረኛ መንገድ ሲያፈርሱ ከከመሩት ሲሚንቶ አንዱን አንስቶ። አገር ቤት ለወጉ የምትያዝ ጠጠር አለች፣ አንገት የማትጎዳ። እሱ ግን የሚያክለውን ነው ያመጣው። ጎንበስ ብሏል፣ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል።

አጠገቡ ያሉት ጋሽ ኤርሚያስ ናቸው፤ የጀፕ ነጋዴ ሁሉ ሲጣላ የሚያስታርቁ የሆሳዕና ሰው። «እየሩስዬ፣ እንደምን አደርሽ» አሉኝ በበሩ ፍርግርግ በኩል። «በኛም አገር ዕርቅ አለ፤ ይሄ ድንጋዩ የእናንተ ነው። እንዲህ ካልሆነ አልሄድም ቢለኝ ጊዜ ተከትዬው መጣሁ። አባትሽን ንገሪልን።»

«አባዬ ተኝቷል» አልኩ።

«እንጠብቃለን» አለ ጌትነት ወደ መሬት እያየ።

«ግቡና ጠብቁ እንግዲህ። ድንጋዩን ግን ሲፎ አያስገባም። እዚህ ጣለውና ግባ።»

ይህን ስል በጣም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩን ጥሎ ከገባ እንግዳ ነው፤ ሻይ ይጠጣል፣ ጨዋታ ይጫወታል፣ ይሸኛል። አባቴም ለምንም አይገደድም።

ጌትነት ቀና ለማለት ሞከረና አቃተው። «እየሩ፣ ድንጋዩን ከጣልኩት ለምን መጣሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሱቅ ልትከፍት ይሆናል።»

«እየሩስ» አሉኝ ጋሽ ኤርሚያስ፣ በቀስታ።

«ጋሼ፣ ሕጉ ነው። የኮምፕሌክሱ ሕግ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ከውጭ እቆማለሁ» አለ ጌትነት። «አባባ ሲነሳ ንገሪው። እስኪያወርድልኝ አላወርድም።»

ጥያቸው ወደ ቤት ወጣሁ። ይደክመዋል፣ ይሄዳል ብዬ ነው። ወጡን አማሰልኩ። ለአባቴ መድኃኒቱን ሰጠሁት። «ቆጣሪውን አነበቡት?» አለኝ። «አነበቡት» አልኩት። ተቀምጬ የተማሪዎቼን ወረቀት አርም ጀመር፤ ስለ መስፍኑ የጻፉትን ነው። አንዷ ልጅ «ንጉሡ የወንድሙን ልጅ የገደለው ስለፈራው ሳይሆን ስለቀናበት ይመስለኛል» ብላለች። በቀይ «ማስረጃ?» ብዬ ጻፍኩበት።

ሲፎ ደጋግሞ ደወለ። «ሲሲ፣ ሰውየው አሁንም አለ።» «ሲሲ፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ውኃ ልስጠው?» «ስጠው» አልኩ። ሲፎ ተመልሶ ደወለና «እጁን ከድንጋዩ መልቀቅ አልቻለም፣ ሽማግሌው ናቸው ያጠጡት» አለኝ። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ለኔ ብሎ ማንም ሰው እንዲህ ቆሞ አያውቅም አልኩ። በድንጋዩም ቀናሁበት።

ከዚያ የኮምፕሌክሱ የዋትስአፕ ግሩፕ ይጮህ ጀመር። «በር ላይ ድንጋይ የያዘ ሰው አለ።» «ልጆቻችሁን አስገቡ።» «ቤት ሊሰብሩ ነው እንዴ?» አንዱ ፎቶ አንስቶ ለጠፈው። አንዷ «የጥበቃ ድርጅቱን ጠርቻለሁ፣ መሣሪያ የያዙትን» ብላ ጻፈች። ስልኬን ጥዬ ወደ ደረጃው መስኮት ሮጥኩ። መኪናው መጥቷል። ጥይት የማይበሳው ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወርደዋል፣ አንደኛው ሽጉጡን መዝዟል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በሩ ጋ ስደርስ እየጮሁበት ነው። «አውርደው። ድንጋዩን መሬት ላይ አድርግ። አሁኑኑ።»

ጌትነት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሳይጮህ፣ «እኔ አላወርድም፤ የሚያወርድ ሰው አለ» ይላል። ጋሽ ኤርሚያስ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው መሀል ገብተዋል፤ ከረባታቸው ወደ ጎን ዞሯል። ሲፎ በዙሉኛ ይለምናቸዋል። ባለ ሽጉጡ ወጣት ነው፤ ከሽጉጡ ይልቅ ያስፈራኝ ልጅነቱ ነው።

እኔን ሲያይ ሌላኛው ዞረ። «እመቤት፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልችልም። መልሱ ቶሎ አልመጣም። «አላውቀውም» ብል ይወስዱታል። የመኖሪያ ወረቀቱ እንዳልታደሰም አውቃለሁ፤ ከወሰዱት ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ አገሩ ነው የሚልኩት፤ አባቴም የልጁን ፊት ዳግመኛ አያይም። አባቴን ለብቻዬ አገኛለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ቀመስኳት። ጌትነት ጎንበስ እንዳለ በጎን አየኝ። አይኑ ላይ ልመና አልነበረም፤ የምለውን የሚያውቀው ይመስል ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። አይኑ የአባቴ አይን ነው። ያን ያህል ጊዜ ፊት ለፊት ስንገናኝ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «ሽጉጡን አስገቡት። ታላቅ ወንድሜ ነው።»

«ድንጋዩስ?»

«ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።»

«ይቅርታ? ምን አድርጎ?»

ምን ልበል። «ሱቅ ከፍቶ» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። ሲፎ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «እኛ ጋ ሰው ሲበድል ፍየል ነው የሚያመጣው» አለ። «ድንጋይ አይበላም፣ ወንድሜ።» ባለ ሽጉጡ ልጅ እሱም ፈገግ አለና መሣሪያውን አስገባ። ጋሽ ኤርሚያስ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብለው ከረባታቸውን አስተካከሉ።

ከኋላዬ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ነው። ስልኩን በእጁ ይዟል። እንግሊዝኛውን አያነብም፤ ፎቶው ግን ማንበብ አያስፈልገውም። ልጁ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ከበሩ ውጭ።

«ክፈት» አለው ሲፎን። ሲፎ ከፈተ።

ጌትነት እዚያው በጉልበቱ ወደቀ። «አባባ፣ ስምህን ሳትሰጠኝ ወሰድኩ። ይቅር በለኝ» አለ። ጋሽ ኤርሚያስ ተነሱ። ግቢው ሁሉ በየመስኮቱ ነው። አባቴ መጣ፣ ፊቱ ቆመ፣ በደንብ አየው። ያውርድለታል ብዬ አይኔን ጨፈንኩ፤ ማየት አልፈለግኩም።

«እየሩ» አለኝ። «አንቺ አውርጂለት።»

«እኔ?»

«እኔ ከሱ ጋር ተጣልቼ አላውቅም። በየቀኑ ደጁ ላይ ቆሜ አየው የነበርኩ ሰው ነኝ። የተጣላሽው አንቺ ነሽ። ውኃ ቆጣሪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ሄድኩ። ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩና ከአንገቱ ላይ አነሳሁት። ክብደቱ አስደነገጠኝ። የሸሚዙ ኮሌታ በደም ተነክሯል። ጌትነት እጄን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ሸሸሁ። ድንጋዩን ግን መሬት ላይ አላስቀመጥኩትም። እንደታቀፍኩት ወደ አባቴ ዞርኩ፤ ስንት ዓመት የታፈነ ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ።

«እኔስ አባዬ? ለሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆምክለት። ለሱ በነጠላ ጫማ ወረድክለት። ለኔ መቼ ወርደህ ታውቃለህ? አንድ ቀን ጥዬህ ስላልሄድኩ ነው? እኔም እንድታየኝ ማመፅ ነበረብኝ?» እያለቀስኩ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የማስተምራቸው ነገሥታት ሁሉ ጠፍተውኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አባቴ ቀረበኝ። ድንጋዩን ከእቅፌ ወሰደው። ሊያስቀምጠው መስሎኝ ለቀቅኩለት። እሱ ግን ከፍ አድርጎ የገዛ አንገቱ ላይ አደረገው፣ ሽበቱ ላይ፣ እና ከፊቴ ጎንበስ አለ።

«ኧረ ወልዴ፣ ኧረ ነውር ነው» አሉ ጋሽ ኤርሚያስ። «አባት ለልጁ እንዲህ አያደርግም።»

«በድያታለሁ» አለ አባቴ ወደ መሬት እያየ። «አጠገቤ ያለች ሰው የምትታይ መስሎኝ።»

ወዲያው አላወረድኩለትም። ታዘቡኝ ከፈለጋችሁ። ተሸክሞልኝ ትንሽ ይቁም አልኩ፤ ለኔ ተብሎ የተሸከመው ነው። ትንፋሹን ሰማሁት፣ እውነተኛ ትንፋሽ፣ የሚሰበሰብ። ከዚያ በኋላ ነው ደንግጬ ያነሳሁለት፤ ጌትነትም ከወዲያኛው ጫፍ ያዘልኝ፣ ምክንያቱም ብቻዬን አልቻልኩም።

ምሳ አብረን በላን። ሁለቱ የጥበቃ ሰዎችም፣ ሲፎም ተራ በተራ እየገቡ በሉ።  ጌትነት አንገቱን ወደ ግራ ማዞር ስላቃተው በቀኙ የተቀመጥኩትን እኔን ብቻ ሲያይ ዋለ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ትምህርቱን የማስተምርበት መንገድ ተለውጧል። ድሮ የመስፍኑን ታሪክ አንገቱ ሲቆረጥ ነበር የምጨርሰው። አሁን እቀጥላለሁ። ያንን ንጉሥ፣ የወንድሙን ልጅ አይኑን እያየ ያስገደለውን፣ ብዙ ሳይቆይ የገዛ ሴት ልጁና ባሏ ከዙፋኑ አስነስተው አሰደዱት። ለአባቴ ይህን ምዕራፍ ያን ቀን እራት ላይ አልነገርኩትም ነበር። ለምን እንዳስቀረሁት አሁን አውቀዋለሁ፤ አመፅ ከውጭ በመርከብ ብቻ እንደማይመጣ ራሴ አውቅ ነበር። እቤት ውስጥ ወጥ እያማሰለችም የምታምፅ አለች።

አንባቢዬ፣ አንተም አንቺም፣ ከወላጅ አጠገብ የቀራችሁት ልጆች ከሆናችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ጥሎ የሄደው ሲመለስ በሬ ይታረድለታል፤ የቀረው ቢላዋ ይስላል። ይህን ችላችሁ ዝም አትበሉ። ዝምታችሁን ማንም አያነበውም፤ አባቴ አላነበበውም፣ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እኔም ድንጋይ እስክታቀፍ ድረስ የሚያመኝ ጌትነት መሆኑን እንጂ የአባቴ አለማየት መሆኑን አልተናገርኩም ነበር።

ጌትነትን አሁን «ወንድም ጋሼ» እለዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ወደድኩት ብል ግን ውሸት ነው፤ በጣም ይስቃል፣ አሮጊቶቹም በጣም ይወዱታል። ቅናቱም አልለቀቀኝም። አሁንም ጠዋት አብሮኝ ታክሲ ይሳፈራል። ሲብስብኝ ግን ክፍል ከመግባቴ በፊት ለአባቴ እደውላለሁ። «አባዬ፣ ቀንቻለሁ» እለዋለሁ።

«ዛሬ ልምጣና ልውሰድሽ» ይለኛል። ይመጣል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።